ወደ ኋላ ተደገፊ!

ማሚቴ የልጇን ጫማ ገልብጣ ስታየው ዓይኗን ማመን አቃታት። የግራው ሶል ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል። የቀኙ ግን ተበልቶ ተበልቶ አልቆ፣ ጣት ቢሰዱበት ማዶ ይወጣል። እንግዲህ ፍረዱ! ሰው ሲባል በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው። ሩታ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ቆማ መድኃኒት ስትሸጥ የምትውል ልጅ ናት እንጂ በአንድ እግሯ ስትዘል የምትውል አይደለችም።

«ሩታ! ይሄ ጫማሽ ምን ሆኖ ነው?»

«እ... መንገዱ ነዋ፣ እማዬ። ኮብልስቶኑ ይበላል።»

«ኮብልስቶኑ ቀኝና ግራ ይለያል?»

ሩታ ፊቷን በሻይ ብርጭቆዋ ጋረደች። ማሚቴ እንዲህ ያለውን ዝምታ ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆርጥ ኖራ በቅርቡ ነው ጡረታ የወጣችው፤ ሳይከፍል ሊወርድ ያሰበን ሰው ከጀርባው ታውቀዋለች። ልጅቷ ወደ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ፣ ጫማውን በፌስታል ጠቅልላ መንገድ ዳር ወደሚሠራው ጫማ ሰፊ፣ ወደ ዱጉማ ይዛው ወረደች።

ዱጉማ ጫማውን ገና ሲያየው ሳቀ። «የሩታ ነው አይደል? ባለፈው የጎማ ሶል አድርጌላት ነበር። ይሄንንም ጨረሰችው? ጉድ ናት እኮ! ፍሬን የምትይዝበት እግር ነው።»

«የምን ፍሬን?»

«የዚያ የባለጎማው ጣውላ ነዋ፣ ቆመው ቁልቁለት የሚወርዱበት። በእግሯ አይደል የምታቆመው!» አለና የማሚቴን ፊት ሲያይ መርፌውን አስቀመጠ። «ውይ! አልነገረችዎትም እንዴ?»

አልነገረቻትም። ማሚቴ ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ሩታ አንድዬ ልጇ ናት። አባቷ ታሞ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዷ ስታስል ሌላዋ ትነቃለች። የጉለሌን ቁልቁለት ደግሞ ማሚቴ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ስንት ሹፌር ላብ በላብ ሲሆን አይታለች! ቢሆንም ከቁልቁለቱ ይልቅ የልጇ መደበቅ ነው አንጀቷን ያሳረራት።

ሩታ ከሥራ ስትመለስ ጫማው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። አየችውና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እዚያው በሩ ላይ ቆመች።

«ሎንግቦርድ ይባላል» አለች ሌላ መላ ስታጣ። ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አወጣችው። ቁመቱ ለሕፃን አልጋ የሚበቃ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ አራት ለስላሳ ጎማ አለው። «ማቲያስ ነው የሚያስተምረን። ወደ እጽዋት ማዕከሉ ስትወጪ፣ መኪና የማይበዛበት አስፋልት አለ አይደል? እዚያ ነው።»

«ማቲያስ የቱ? የፓስተሩ ልጅ?»

«አዎ። እማዬ ሙች፣ ጥንቃቄው ያሰለቻል! መሄድ ሳይሆን ማቆም ነው የሚያስተምረን። ማቆም የማይችል ሰው ትልቁን ቁልቁለት ከእኔ ጋር አይወርድም ብሏል። እሑድ እሱ ከጸሎት ቤት ሲወጣ፣ እኛም ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ልጆቹ ከእንጦጦ በታች ያለውን ትልቁን ቁልቁለት ሊወርዱ ነው። ቅዳሜ ይፈትነኛል። ካለፍኩ አብሬያቸው እወርዳለሁ።»

«አትወርጂም።»

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው እኮ!»

«መቶ ይሁንሽ! ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ? አስፋልት ላይ ለቅሜ ላነሳሽ ነው?»

«ይሄው! እንዲህ እንዳትፈሪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«አሁን አልፈራሁም ማለት ነው?»

ሁለቱም ጮሁ፣ ሁለቱም አለቀሱ። ምን ያድርጉ! ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ቤት ውስጥ ጠብም እርቅም ሩቅ አይሄድም። በመጨረሻ ሩታ ዓይኗን ጠርጋ «ነይና እይኝ» አለች። «ቅዳሜ ነይና ሳቆም እይኝ። ማቆም እንደማልችል በዓይንሽ ካየሽ እተወዋለሁ። በእመብርሃን እተወዋለሁ።»

በእመብርሃን ከተባለ በኋላ ማሚቴ ምን ትበል? እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ የልጇን ተረከዝ እያየች ዳገቱን ወጣች። ቦታው እንደፈራችው አልነበረም። ለፈተናው የተመረጠው ቁልቁለት አጭር ነው፤ ታች ሲደርስ ሜዳ ይሆናል፤ ከሜዳው ማዶ የውሃ ቦይ አለ። ከቦዩ በፊት ማቲያስ አስፋልቱን በኖራ አስምሮበታል። ማቲያስ ራሱ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«ማዘር፣ እንኳን መጡ። እዚህ ዳር ይቁሙልኝ። መስመሩ ጋ ሳትደርስ መቆም አለባት፤ ሌላ ምንም የለውም።»

«እግሯን መሬት ላይ እያንፏቀቀች ነው አሉ የምታቆመው?»

«አዎ። የግራ እግሯ ጣውላው ላይ ነው። ጠቅላላ ክብደቷን እዚያ ላይ ትጥልና ጉልበቷን እጥፍ ታደርጋለች። ከዚያ ቀኟን ቀስ ብላ አውርዳ በሙሉ ሶሉ መሬቱን ዳበስ፣ ዳበስ፣ ከዚያ ጫን። ባንዴ ከረገጠችው ያሽከረክራታል።»

ሩታ ሄልሜቷን አጠለቀች፣ ጓንቷን አደረገች፣ አማተበችና ወረደች። ወይ ግሩም! ማሚቴ እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ልጅቷ ጣውላው ላይ ተሰክታ የበቀለች ትመስላለች። ጎማው እየዘመረ ወረደ፣ የቀኝ እግሯ ቀስ ብሎ ወርዶ አስፋልቱን ዳበሰው፣ «ሽሽሽ» አለ፣ ወደ መስመሩ ብዙ ሳይጠጋ ቀጥ አለ። ማሚቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የኔ ልጅ ናት፣ አለች በሆዷ፤ እንዲህ አድርጎ የሚያቆም ሹፌር ስንቱን ዘመን ናፍቄ ነበር!

«አሁን ከፍ ካለው ቦታ» አለ ማቲያስ። ሩታ ጣውላዋን አንስታ ወደ ላይ ወጣች።

ይኼኛው ፍጥነት ሌላ ነበር። የጎማው ድምፅ ራሱ ተለወጠ። ማሚቴ ልጇን አየች፣ መስመሩን አየች፣ ቦዩን አየች። የሩታ ቀኝ እግር ገና አልወረደም። ለምን አላወረደችውም? ምን ሆና ነው? እንዲህ ስታስብ አእምሮዋ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። ከሸጎሌ መርካቶ፣ ሰው ጢም ብሎ፣ እናቶች ልጅ አዝለው፣ አውቶቡሱ ቁልቁል እየተንደረደረ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሊይዝ ሲል እሷ ከኋላ በር አጠገብ ካለችው መቀመጫዋ ሆና የምትጮኸው ነገር ነበራት። ድምፁ ሳታዘው ከጉሮሮዋ ወጣ።

«ያዢ! ወደ ኋላ ተደገፊ!»

ሩታ ደግሞ ያደገችው በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ሳትገባም፣ ከገባች በኋላ ሲዘጋም የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ማሚቴ ጉያ ሥር ተቀምጣ ነበር የምትውለው። ያንን ጩኸት ከፊደል በፊት ነው የተማረችው፤ ሲጠራ አጥንቷ ያውቀዋል። እንደሰማች ወደ ኋላ ተደገፈች። ክብደቷ ከግራ እግሯ ሲነሳ ጣውላው ከሥሯ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ እሷ በጎኗ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፣ ጣውላው ብቻውን መስመሩን አልፎ ቦይ ውስጥ ገባ።

ማሚቴ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። እግዜር አተረፋት፤ ክርኗ ተልጦ ዳሌዋ ተመታ እንጂ የተሰበረ ነገር የለም። ማቲያስ ውሃ አመጣና ቁስሉን ሲያጥብ ቀና ብሎ «ማዘር፣ ምን ብለዋት ነው?» አለ።

«ወደ ኋላ ተደገፊ... አልኳት።»

ማቲያስ የያዘውን ውሃ መሬት ላይ አስቀመጠ። ጨዋ ልጅ ስለሆነ ቃሉን መረጠ። «እሱ ነው የጣላት። እዚህ ላይ ወደ ኋላ የተደገፈ ሰው ይወድቃል።»

ማሚቴ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ያቆመችበት ቃል ልጇን ጣላት! ሩታ እያለቀሰች «እማዬ፣ ባትጮሂ እቆም ነበር። እግሬን ላወርድ ስል እኮ ነው የጮኽሽብኝ» አለቻት። ይሄ ደግሞ ከውድቀቱ ባሰ።

«ነገ አትወርጂም፣ ሩታ» አለ ማቲያስ።

«እናቴ ጮኻብኝ እንጂ! አይተኸኝ የለ?»

«አይቻለሁ። ግን መንገድ ላይ የሚጮህ ሰው አይጠፋም። ሹፌር ይጮሃል፣ ረዳት ይጮሃል፣ ደንግጦ የሚጮህም አለ። የጮኸ ሁሉ ሰውነትሽን የሚያዘው ከሆነ ትልቁን ቁልቁለት አላስወርድሽም። ልታዘኚብኝ ትችያለሽ።»

አዘነችበት። በእናቷም አዘነች። እሑድ ሌሎቹ ሲወርዱ እሷ ክርኗን በፋሻ አስራ ቤት ተቀመጠች። ማሚቴ ምሳ ስታቀርብ «እሺ»፣ ሻይ ስታቀርብ «እሺ»፤ ከእሺ በቀር ቃል አልወጣትም። እንግዲህ በሕግ ከሆነ ማሚቴ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ልጇ አልወረደች! የፈለገችው ሆነ! ግን ደስ አላላትም። ልጅቷ ማቆም አቅቷት ቢሆን ኖሮ በቃ ተዪው ማለት ይቻል ነበር። ያቃታት ማቆም አይደለም። ያቃታት የእናቷን ድምፅ አለመስማት ነው። ሩታ ደግሞ በእመብርሃን ስም የማለችውን ታስባለች መሰለኝ፣ ጣውላውን ከአልጋው ሥር ወደ ውስጥ ገፍታ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋበታለች። ማሚቴ ያንን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሩታ ከሥራ ስትገባ ማሚቴ ግቢው ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት።

«አውጪው።»

«ምኑን?»

«ጣውላውን። ልቁምበት።»

«እማዬ፣ አብደሻል?»

«ካበድኩ ቆየሁ። አውጪው ስልሽ!»

ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ወደ በሩ ትንሽ ያዘነብላል። ማሚቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የልጇን ትከሻ ጨብጣ ወጣችበት። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታቸው ረይሃና አፏን በመዳፏ ያዘች። «ያ ረቢ! እትዬ ማሚቴ፣ ይሄንንስ ምን ይሉታል?»

«ዝም ብለሽ ልብስሽን አስጪ!»

ጣውላው ገና ንቅንቅ ሲል ማሚቴ ወደ ኋላ ተደገፈች። ሰውነቷ ሌላ ምን ያውቃል? ጣውላው ሹልክ ብሎ ሄደ፤ ሩታ በብብቷ ገብታ ባታነሳት ኖሮ ዛሬ የምንተርከው ሌላ ታሪክ ነበር። ረይሃና ልብሱን ጥላ እየሳቀች መጣችና ሁለቱ ደግፈው አቆሟት።

«እንደገና» አለች ማሚቴ።

በሁለተኛው ሩታ የእናቷን የግራ ጉልበት በእጇ ጫን አድርጋ አጠፈችው። «እዚህ ላይ ሁኚ። ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ። እንደምትወድቂ ይመስልሻል፤ አትወድቂም።» እውነትም የምትወድቅ መሰላት። ወደ ፊት፣ ወደሚያስፈራው አቅጣጫ ነው ክብደቷን የሰጠችው። ግን ጣውላው ከሥሯ አልሸሸም። ቀኝ እግሯን አወረደች፣ ሲሚንቶው በነጠላ ጫማዋ ሥር «ሽሽ» አለ፣ ቆመች።

እዚያው ቆማ ቀረች። አውቶቡስ ላይ ፍሬኑ ሌላ ሰው እግር ሥር ነው፤ ተሳፋሪ የሚችለው ነገር እንዳይወድቅ መደገፍ ብቻ ነው። እሷም ዕድሜዋን የጨረሰችው ሌላ ሰው ሲያቆም እንዴት እንደማይወደቅ ስትናገር ነው። ልጇ ግን ተሳፋሪ አይደለችም። ይህን ስታስብ ማሚቴ ኩራትም ሐዘንም ባንድ ላይ ተሰማት፤ የቱ እንደበለጠ አላወቀችም።

«ሩታዬ፣ ይቅር በዪኝ» አለቻት። ሩታ አንገቷ ሥር ገባች። ረይሃናም ዓይኗን እየጠራረገች ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ይቅርታው ግን ነገሩን አልጨረሰውም። ቀጥሎ በነበሩት ቀናት ማሚቴ አንድ ሐሳብ ሲከነክናት ከረመ። እኔ ዝም ብል ምን ይጠቅማታል? ድምፄ እንደሆነ ውስጧ ተቀምጧል። እኔ ባልኖር ሌላው ይጮሃል፤ ያን ጊዜ መኪና ከፊቷ ቢሆንስ? ማቲያስ ለመዘምራን ልምምድ ጊታሩን አንግቦ ሲያልፍ መንገድ ላይ አስቆመችው።

«ቅዳሜ እንደገና ፈትንልኝ። እኔ እታች እቆምና ያንኑ ቃል እጮህባታለሁ።»

ማቲያስ ጊታሩን ከትከሻው አወረደ። «ማዘር... ምን ማለትዎ ነው?»

«ሰምተኸኛል። ካዳመጠችኝ ትውደቅና ትተወው፤ ምላለች። ካላዳመጠችኝ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም ጮሆ አይጥላትም።»

ልጁ ራሱን አከከ። «ከዝቅተኛው ቦታ ነው የማስነሳት» አለ። «የክርንና የጉልበት መከላከያም ታደርጋለች። ሰው እንደሚጮህባት እነግራታለሁ። ማን እንደሆነና ምን እንደሚል አልነግራትም። እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። የሚጮሁ ከሆነ የምር ይጩሁ። ለይስሙላ ከሆነ አይጠቅማትም።»

ቅዳሜ ደረሰ። ማሚቴ ከመስመሩ ማዶ ዳር ላይ ቆመች። ላይ ሩታ ሄልሜቷን ስታጠልቅ ታያታለች። ፊቷን ወደ እንጦጦ ማርያም መልሳ «እመቤቴ፣ ዛሬ እንዳትሰማኝ አድርጊያት» አለች። እናት እንዲህ ብላ ስትጸልይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሩታ አማተበችና ወረደች። ጎማው መዘመር ጀመረ። ማሚቴ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባት፤ ክፉም አይደለም፣ የእናት ሐሳብ ነው። ድምፄን ዝቅ ላድርገው። ማን ያውቅብኛል? በግማሽ ጉሮሮ ብጮህ ታልፋለች፣ ደስ ይላታል፣ ቤታችን እንገባለን። ከዚያስ? ነገ ትልቁን ቁልቁለት በግማሽ ጩኸት ተፈትና ልትወርደው ነው? የሩታ ቀኝ እግር ሊወርድ ሲነሳ አየችው። አየር ስባ ደረቷን ሞላች፤ በዚያ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ባንዴ በሚያስደነግጠው፣ ልጇን ባሳደገው ድምፅ ጮኸች።

«ያዢ! ወደ ኋላ ተደገፊ!»

የሩታ ትከሻ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ማሚቴ አየችው። ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ አልጨፈነችም። ከዚያ የሩታ የግራ ጉልበት ይበልጥ ታጠፈ፣ ደረቷ ወደ ፊት ተመለሰ፣ ክብደቷ ከፊት እግሯ ላይ አረፈ። ሶሉ አስፋልቱን ዳበሰው፣ ዳበሰው፣ ጫን አለው። ጣውላው ኖራው አፋፍ ላይ ቆመ።

ማሚቴ እጇን ብትዘረጋ ልጇን የምትነካበት ቦታ ላይ ነበሩ። ሁለቱም ያለከልካሉ። ማቲያስ ከላይ እየሮጠ ሲወርድ ኮቴው ይሰማል።

«አልሰማሽኝም?» አለች ማሚቴ። ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ሻክሯል።

ሩታ ሄልሜቷን አወለቀች። ፊቷ በላብ ርሷል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሰምቼሻለሁ፣ እማዬ። እሺ ልልሽ ምንም አልቀረኝም ነበር።»

ማሚቴ ልጇን ስታሳድግ እሺ በይ፣ አዳምጪኝ፣ እናትሽ የምትልሽን ስሚ እያለች ነው የኖረችው። አሁን እዚያው አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ፣ ልጇ እምቢ ስላለቻት ማርያምን አመሰገነች። ሩታም ጣውላዋን ዳር አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠችና እስክትጨርስ ጠበቀቻት።